የሚመጣውን ስለ መናገርና ስለ መስማት

ስለ ነገ የሚናገሩ ሰዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ጠንቋይ ነው፤ እርሱ ምንም ሳያውቅ እንደሚያውቅ ሆኖ ይናገራል፤ ዋጋውንም አስቀድሞ ይቀበላል። ሁለተኛው ነቢይ ነው፤ እርሱ የተላከ ስለ ሆነ ቃሉ የራሱ አይደለም። ሦስተኛው መርማሪ ነው፤ እርሱ ዛሬ በዓይኑ ካየውና በመሣሪያ ከለካው ነገር ተነሥቶ ነገ ሊሆን የሚችለውን በግምት ያስታውቃል። ጠንቋዩን ልንንቀው፥ ነቢዩንም ልንፈራው ይገባል። ለሦስተኛው ግን ምን ዓይነት ጆሮ መስጠት እንደሚገባን ብዙዎቻችን ገና አልተማርንም። አንዳንዶቻችን እንደ ጠንቋይ እንሥቅበታለን፤ አንዳንዶቻችንም እንደ ነቢይ እንቈጥረውና አንድ ቀን ሲሳሳት ሐሰተኛ ነው ብለን እንፈርድበታለን። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚመጣውን አደጋ በከፊል ያወቀ ሰው ለሌላው ምን ዕዳ አለበት? ማስጠንቀቂያውን የሰማውስ ሰው ዕዳው ምንድን ነው?

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ስፍራ ልጥቀስ። በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርኒያ፥ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምዕራባዊ ጫፍ ኦሽን ቢች የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። ርዝመቱ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፥ ፊቱን ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ የሰጠ አሸዋማ ሜዳ ነው። ፓስፊክ ማለት ሰላማዊ ማለት ነው፤ በዚያ ዳርቻ ግን ስሙና ግብሩ አይገናኙም። ሞገዱን የሚያበርድለት ወደብ ወይም የባሕር ሰርጥ ስለሌለው ውቅያኖሱ ያመጣውን ሁሉ በደረቱ ይቀበላል። ውሃው በበጋም በክረምትም ቀዝቃዛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይሆናል። ከዳር ወደ መካከል የሚስብ ብርቱ ጅረት አለው። እየዋኙ ብቻ ሳይሆን በእግራቸው እየተራመዱ ወደ ውሃው የገቡ ሰዎች በዚያ ሰጥመው እንደ ሞቱ የሚያስታውቅ ሰሌዳ በዳርቻው ቆሟል።

ስለዚህ ዳርቻ የሚመጡት ቀናት ሁኔታ በየዕለቱ ይነገራል። የሞገዱ ከፍታ፥ የሚመጣበት አቅጣጫ፥ በአንዱ ሞገድና በተከታዩ መካከል ያለው የሰከንድ ብዛት፥ የነፋሱ ኀይል፥ ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጐድልበት ሰዓት ይጻፋል። ከፍ ያለ አደጋ ሲታሰብ ደግሞ የአገሩ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ልዩ ማስጠንቀቂያ ያወጣል።

ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ሰው አንድ ነገር ያስደንቀዋል። በእነርሱ ክረምት፥ ማለት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፥ ሰማዩ ጥርት ብሎ፥ ፀሐይዋ ደምቃ፥ ነፋሱም ከየብስ ወደ ባሕር በቀስታ እየነፈሰ ሳለ፥ ከባድ ሞገድ ይመጣልና ከውሃው ራቁ የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። እንግዳው ወደ ላይ ያያል፤ ደመና የለም። ወደ ባሕሩ ያያል፤ ለጊዜው ጸጥ ብሏል። እንግዲያስ ማንን ይመን? ዓይኑን ወይስ ማስታወቂያውን?

የደጋና የቆላ ነገር ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው ይህ እንቆቅልሽ አይደለም። በቆላ በደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚሻገር መንገደኛ፥ በራሱ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድበት፥ በላይኛው ደጋ በዘነበው ዝናብ ደራሽ ውሃ መጥቶ ይወስደዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 ሰዎች በላይ የጨረሰው እንዲህ ከዙሪያው ደጋ በወረደ ጐርፍ ነበር። ደራሽ ውሃ ማለት አስቀድሞ የሆነ ነገር፥ ነገር ግን ገና ያልደረሰ ማለት ነው። የውቅያኖስ ሞገድም እንደዚሁ ነው። ብርቱ ነፋስ በሩቁ ባሕር ላይ ሲነፍስ ሞገዱን ያስነሣዋል፤ ነፋሱ ካቆመ በኋላም ሞገዱ መንገዱን ይቀጥላል። ሞገዶቹ በ17 ሰከንድ ልዩነት የሚከታተሉ ቢሆኑ፥ ጭፍራው በጥልቅ ባሕር ላይ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህም በአንድ ቀን ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ከ3,400 ኪሎ ሜትር ርቀት የተነሣ ሞገድ ከሦስት ቀን በኋላ ማንም ባልጠረጠረው ብሩህ ጧት ይደርሳል። በ1963 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች የማነሣቸውም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ዋልተር ሙንክ የተባለው የባሕር ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፥ በደቡብ ዋልታ አጠገብ ባሉ ባሕሮች የተነሣ ሞገድ እስከ አላስካ ድረስ ሲጓዝ በየደሴቱ ባቆሙት መለኪያ ተከታትሎታል።

እንግዲህ ይህን የሚናገረው ሰው ጠንቋይ አለመሆኑ ታወቀ። ማዕበሉ ከተነሣ ቆይቷል፤ እርሱም የሚለን ተነሥቷል፥ በመንገድ ላይ ነው ነው። ከዚህ ላይ የመጀመሪያው ዕዳ ይወለዳል። በመንገድ ላይ ያለውን አደጋ እያየ ዝም ያለ ሰው፥ እኔ ምን አደረግሁ ሊል አይችልም። በነቢዩ በሕዝቅኤል መጽሐፍ የተነገረው ጕበኛ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ ቀንደ መለከቱን ባይነፋ፥ የሞተው ሰው ደም ከእጁ ይፈለጋል። ሰይፉን ያመጣው ጕበኛው አይደለም፤ ሆኖም በማማው ላይ የቆመው ከሌላው አርቆ እንዲያይ ስለ ሆነ፥ ማየቱ ራሱ ግዴታ ሆነበት። ዕውቀት ክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ሸክምም ነው።

የዚህ ሸክም ክብደት የታየበት አንድ ሰው አለ፤ ስሙ ሮበርት ፊትዝሮይ ይባላል። የእንግሊዝ የባሕር ኀይል መኰንን ሲሆን፥ ቻርልስ ዳርዊን ከ1831 እስከ 1836 የተጓዘባት የቢግል መርከብ አዛዥ የነበረው እርሱ ነው። በ1854 የእንግሊዝ መንግሥት የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም ኀላፊ አድርጎ ሾመው። በጥቅምት ወር 1859 ሮያል ቻርተር የምትባል መርከብ ከአውስትራልያ ረጅም ጕዞዋን ጨርሳ ሊቨርፑል ልትገባ ጥቂት ሲቀራት፥ በዌልስ ዳርቻ በማዕበል ተሰባብራ ከ400 ሰዎች በላይ ሞቱ። ፊትዝሮይ ማዕበሉን አስቀድሞ ማስታወቅ ይቻል ነበር ብሎ ተነሣ። ከየወደቡ በቴሌግራፍ የሚደርሰውን ወሬ እያነጻጸረ፥ በ1861 በወደቦች ላይ የማዕበል ምልክት እንዲሰቀል አደረገ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴም የሚቀጥሉትን ቀናት የአየር ጠባይ በጋዜጣ ማሳተም ጀመረ።

ነገር ግን ግምት ግምት ነውና አንዳንድ ጊዜ ተሳሳተ። ያን ጊዜ ጋዜጦች ተዘባበቱበት፤ ሊቃውንቱም ይህ ዕውቀት አይደለም አሉት። በሚያዝያ 1865 ፊትዝሮይ ራሱን በራሱ ገደለ። የሰው ሐዘን ብዙ ሥር አለው፤ ሕመምም ዕዳም ነበረበት፤ ስለዚህ ሞቱን በፌዘኞች ብቻ ማሳበብ አይገባም። ከሞቱ በኋላ አንድ ኮሚቴ ሥራውን መርምሮ በቂ መሠረት የለውም ስላለ፥ ማስጠንቀቂያው በ1866 ተቋረጠ። ይሁን እንጂ በባሕር ላይ የሚኖሩት ሰዎች ተቃወሙ፤ የማዕበሉም ምልክት በ1867 እንደገና ተሰቀለ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ፍጹም ያልሆነውን ዕውቀት በምድር ላይ የተቀመጡት ንቀው ሲጥሉት፥ ነፍሳቸው በውሃ ላይ የተንጠለጠለች ግን ፈለጉት። ሙሉ ፋኖስ ባይገኝ ጭላንጭሉን የሚያጠፋ በጨለማ መንገድ የማይሄድ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ስል ለሚናገረው ሰው ሁሉን ፈቃድ መስጠቴ አይደለም። ሁለተኛው ዕዳው የጥርጣሬውን መጠን አለመደበቅ ነው። በትንበያው ላይ የሚጻፈው የሞገድ ከፍታ ብዙውን ጊዜ ከሞገዶቹ ሁሉ ከፍተኛ የሆኑት የሲሶዎቹ አማካይ ነው። ይህም ማለት 3 ሜትር ተብሎ በተጻፈበት ቀን ብዙዎቹ ሞገዶች ከዚያ ያንሳሉ፤ ነገር ግን ከብዙ መካከል አንዱ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ብቻ የሚቀረው ሊመጣ ይችላል። ለረጅም ደቂቃዎች ባሕሩ ተኝቶ ይቆይና ያ አንዱ መጥቶ ደረቅ በነበረው አሸዋ ላይ እስከ ሩቅ ይሮጣል። ቍጥሩን ብቻ ነግሮ ትርጕሙን ያስቀረ ሰው ግማሹን እውነት ነው የተናገረው። እንዲሁም እንዳይወቀስ ብሎ ትንሹንም ትልቁንም አደጋ በአንድ ድምፅ የሚጮኽ ሰው ሰውን አያስጠነቅቅም፤ ጆሮን ያደነዝዛል። ሁልጊዜ የሚነፋ መለከት እንደ ነፋስ ድምፅ ይለመዳል። ስለዚህ ጕበኛው ከፍርሃትም ከኩራትም ነጻ ሆኖ ያየውን በልኩ ሊናገር ይገባዋል፤ ሳይጨምር፥ ሳይቀንስ።

ከዚህ በኋላ በጣም የረቀቀው ነገር ይመጣል። ማስጠንቀቂያ በደንብ ሲሠራ ዋጋው አይታይም። በየዓመቱ በጾመ ነነዌ የምናስበው ነቢዩ ዮናስ፥ ነነዌ ትጠፋለች ብሎ ተናገረ፤ ሕዝቡም ሰምተው ከክፋታቸው ስለ ተመለሱ ሳትጠፋ ቀረች። ዮናስም ቃሉ ስላልደረሰ አዘነ። የባሕር ነገር በእርግጥ ከዚህ ይለያል፤ ሞገድ ንስሐ አይገባም፥ ሰው ስለ ጸጸተውም አይመለስም። ነገር ግን ሰዎቹ ሰምተው ከአሸዋው ርቀው ቢውሉ፥ ሞገዱ መጥቶ ባዶ ዳርቻ ይመታል፤ ማንም አይሞትም። ማታ አንዱ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ በከንቱ አስፈራርተውን ዋሉ፥ ምንም ሳይደርስ ቀረ ይላል። ይህን ሊል የቻለው በሕይወት ስላለ መሆኑን አያስተውልም። የሰጠመ ሰው በስሙ ይታወቃል፤ ሳይሰጥም የቀረው ግን ራሱንም አያውቀው። ስለዚህ የጕበኛ ሥራ ምስጋና የሌለው ሥራ ነው፤ ምስጋና የሚፈልግ ሰው ማማው ላይ ባይወጣ ይሻላል።

አሁን ወደ ሰሚው ዕዳ ልመለስ። በአገራችን፥ ምከረው ምከረው፥ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚል ምሳሌ አለ። ምክር የደከመው ሰው የሚጽናናበት ቃል ነው፤ በብዙ ነገርም እውነት ነው። እኔ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ምክርን እንቢ ብለው በመከራ የተማሩና በኋላም ደኅና ሰዎች የሆኑ ልጆች አይቻለሁ። በትምህርት ቤት ስሕተት በቀይ ቀለም ይታረማል፤ ልጁም በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይማራል። ነገር ግን ይህ ምሳሌ አንድ ወሰን አለው። መከራ የሚመክረው የተረፈውን ነው። የመጀመሪያው ትምህርት የመጨረሻ በሚሆንበት ስፍራ መከራ መካሪ አይደለም። ውቅያኖስ ተማሪውን አያሳልፍም፥ አያስደግምም። ስለዚህ እንደዚህ ባለ ስፍራ መካሪው፥ ደከመኝ፥ መከራ ይምከረው ብሎ መቀመጥ አይገባውም፤ ተመካሪውም፥ አይቼ እማራለሁ ማለት አይገባውም።

ምናልባት አንዱ፥ ነፍሴ የራሴ ናት፥ ብገባም ብወጣም ማንን ይነካል ይል ይሆናል። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በዚያ ዳርቻ በሰሌዳ ላይ ቆመው በሞገድ ጀርባ የሚንሸራተቱ ሰዎች አሉ። ሌላውን የሚያባርረው ማስታወቂያ እነርሱን ይጠራቸዋል። ብዙ ዓመት ለምደው፥ የብርድ መከላከያ ልብስ ለብሰው፥ የሞገዱን አመጣጥና የነፋሱን አቅጣጫ መዝነው የሚገቡትን ሰዎች ደፋር ናቸው እንጂ ሞኝ ናቸው አልልም። እነርሱ ማስጠንቀቂያውን አልናቁም፤ እንዲያውም ከሁላችን አጥብቀው አንብበውታል፤ ብዙ ጊዜም አንብበው የሚመለሱ እነርሱ ናቸው። ሰው ዐውቆ ለሚወደው ነገር ሕይወቱን ለአደጋ ማጋለጡ ሌላ ጥያቄ ነው።

የኔ ነገር ግን ስለ ሌላኛው ሰው ነው፤ ሰሌዳውን ሳያነብ፥ ጫማውን በእጁ ይዞ፥ ልጁን አስከትሎ፥ እስከ ጕልበቴ ብቻ ነው ብሎ ስለሚገባው። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ፥ በኦክላንድና በሳን ሆዜ፥ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከእኛ ብዙዎቹ ያደግነው በወንዝና በሐይቅ አጠገብ እንጂ በውቅያኖስ አጠገብ አይደለም። ውሃ እስከ ጕልበት ከሆነ አይወስድም የሚለውን ከጸጥተኛ ሐይቅ ተምረናል። የውቅያኖስ ሞገድ ግን ሲመለስ ከእግር ሥር አሸዋውን ይዞ ይመለሳል፤ ቆሞ የነበረው ይወድቃል፤ የወደቀውንም ጅረቱ ወደ ጥልቁ ይስበዋል። ያ ጅረት ሲበረታ ታላቁ ዋናተኛ እንኳ ፊት ለፊት ታግሎ አያሸንፈውም፤ የሚያውቁት የሚመክሩት ሳይታገሉ ተረጋግቶ ወደ ጎን፥ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ በመዋኘት ከጅረቱ መውጣትን ነው።

ያ ሰው በተወሰደ ጊዜ፥ ነፍሴ የራሴ ናት ያለው ቃል ሐሰት መሆኑ ይታያል። በዳር ያለው ወንድሙ ዝም ብሎ አያየውም፤ ይዘላል። ለማዳን የገባው መሞቱ በውሃ አደጋ ደጋግሞ የታየ ነገር ነው። የነፍስ አድን ሠራተኞችም እንደ እኛ እናት የወለደቻቸው፥ ማታ የሚጠብቋቸው ልጆች ያሏቸው ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም ጥሪ ሲመጣ፥ ይህ ማስጠንቀቂያውን ንቆ የገባ ነው ብለው አይመርጡም። እንግዲህ ንቀቱ የአንዱ፥ ዋጋው ግን የብዙዎች ነው። ማንም ብቻውን አይሰጥም። ደግ ሰዎች ባሉበት ዓለም የሚኖር ሰው የእነርሱን ደግነት ሳያስፈልግ ለሞት እንዳይጠራው ዕዳ አለበት።

ሰሚው የሚሳሳትበት ሌላው መንገድ የጊዜውን ጸጥታ መልስ አድርጎ መቀበሉ ነው። በሐዋርያት ሥራ 27ኛው ምዕራፍ ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ፥ በቀርጤስ ወደብ ሳሉ ጕዞው ጥፋት ይሆናል ብሎ አስጠነቀቀ። የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና ባለቤቱን አመነ። የደቡብ ነፋስ በልከኛ ሲነፍስም ያሰቡት የተሳካ መሰላቸውና ተነሡ፤ ብዙም ሳይቆይ ማዕበሉ ያዛቸው። ልብ እንበል፤ ያሳሳታቸው ማዕበሉ አይደለም፥ ያ ልከኛ ነፋስ ነው። አደጋው የሚያባብል ፊት ይዞ ሲቀድም ሰው ሁሉ የወደደውን ያምናል። በኦሽን ቢችም በሁለት ሞገዶች ጭፍራ መካከል ያለው ጸጥታ እንደዚያ ነፋስ ነው። ባሕሩ የተኛ ይመስላል፤ ሕፃኑ ዛጎል ለመልቀም ይሮጣል፤ አባቱም ጀርባውን ለውሃው ይሰጣል።

እንግዲህ ነገሬን ልጠቅልል። የሚያውቅ ሰው ያወቀውን በልኩ ይናገር፤ ዕውቀቱ ሙሉ እስኪሆን አይጠብቅ፤ ያልሞላውንም ሞላ አይበል። ቢሳሳት ይታረም፤ ቢዘባበቱበት ይታገሥ። የሚሰማም ሰው ከተናጋሪው የነቢይ ቃል አይጠይቅ፤ ይሆናል የተባለው ነገር ሲመጣ ምን ያህል እንደሚያጠፋ አስቦ ይወስን። ጃንጥላ ለመያዝና ላለመያዝ ትንሽ ጥርጣሬ ምንም አይደለም፤ ልጅን ወደ ውሃ ለማስገባትና ላለማስገባት ግን ትንሽ ጥርጣሬ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምሳሌያችን የሚያዘን ይህንኑ ነው፤ ቅጠሉ ርካሽ ነው፥ ያለ አስፈላጊም ቢቀጠፍ የሚጐዳ የለም።

ይህ ሕግ ለባሕር ብቻ የተጻፈ አይደለም። በቤትም በአገርም በሩቅ ተነሥቶ ገና ያልደረሰ ብዙ ሞገድ አለ። ስለ ልጇ ጠባይ የተነገራት እናት፥ ስለ ሕመሙ ሐኪም ያስታወቀው ሰው፥ ስለ ጠብ መነሻ ሽማግሌ የመከረው ጎረቤት፥ ሁሉም ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደ ተቀበለው እንግዳ ናቸው። ወደ ሰማይ አይተን ደመና የለም ብለን ከመፍረዳችን በፊት፥ በላይኛው ደጋ ዘንቦ እንደ ሆነ የሚያውቀውን ሰው እንጠይቅ። ነግሮን ሳይደርስ ከቀረም አንውቀሰው፤ በሚቀጥለው ጊዜም እንዲነግረን እናመስግነው።